ስቶሩ የት ይቁም?

አዲስ አበባ ውስጥ ለስቶር የሚሰጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተረፈው ነው። ዋናው ቤት ምርጡን ይወስዳል። ሰርቪሱ አንዱን አጥር ተደግፎ ይሰለፋል። ማድ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ እያለ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ጓሮ ውስጥ፣ ሁለት አጥር የሚገናኝበት አንድ ጥግ ይቀራል። «እዚያ ጋ ቆርቆሮ ጣል እናድርግበትና ዕቃውን እናስገባ» ይባላል። የሚቃወም የለም። ስቶር ውስጥ እንግዳ አይገባም፣ ሰው አይተኛም። ስለዚህ ቦታው ሐሳብ የሚያስፈልገው አይመስልም።

እኔ ግን ግቢ ውስጥ ካሉት ቤቶች ሁሉ ቦታው በደንብ ሊታሰብበት የሚገባው ስቶር ነው እላለሁ። ትንሽ ስለሆነ የትም ይገባል። የትም ስለሚገባ ደግሞ ጥፋቱ ቶሎ አይታይም። ጤፉ ሲሻግት፣ ግቢው ሲጠብ፣ ጎረቤት ሲኮራረፍ ምክንያቱ ያቺ ጥግ ላይ የተጣለችው ቆርቆሮ ቤት መሆኗን ሰው ልብ አይልም።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን ሜትር ይዤ የእናቴን ግቢ እየዞርኩ ስለሆነ ነው። ቤቱ አቃቂ በኩል ነው፤ ግቢው 250 ካሬ። እናቴ 3 በ4 የሆነ ስቶር ትፈልጋለች። ወንድሜና እኔ ልንሠራላት ተስማምተናል። የቀረው «የት?» የሚለው ነበር፤ ከገንዘቡ ይልቅ ብዙ ያነጋገረንም እሱ ነው።

በመጀመሪያ ምን እንደሚገባበት መታወቅ አለበት። እማዬ ስቶር ስትል የምታስበው ጤፍ ነው። ኩንታል ጤፍ፣ የበርበሬ ጆንያ፣ ሽሮ፣ የጠላ ጋን፣ ለድግስ ብቻ የሚወጡት ትልልቅ ድስቶች። ወንድሜ ስቶር ሲል የሚታየው ጄኔሬተር፣ አሮጌ ጎማ፣ የተረፈ ቀለም፣ የቤንዚን ጀሪካን ነው። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይኖሩም። ጤፍ ሽታ ይይዛል። ቤንዚን አጠገብ የከረመ ጤፍ ተፈጭቶ፣ ተቦክቶ፣ ተጋግሮም እንጀራው ላይ ያስታውቃል። ከዚህ በተረፈ ቤንዚንና ከሰል አንድ ጣራ ሥር ማሳደር አደጋ ነው። ስለዚህ የወንድሜ ዕቃ ከመኪናው ማቆሚያ ጎን፣ ከምድጃ ርቆ፣ አየር የሚያገኝ የብረት ሳጥን እንዲኖረው ወሰንን። ስቶሩ የእህል ሆነ። እህል መሆኑ ከታወቀ በኋላ የቦታው ጥያቄ ግማሹ በራሱ ተመለሰ።

ምክንያቱም ጤፍ ደግ እህል ነው። እንደ በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም። ደረቅ እስከሆነ ድረስ ዓመታት ይቀመጣል። የሚፈራው እርጥበትን ነው። እንግዲህ የጤፍ ቤት የሚመረጠው ውሃ ታይቶ ነው።

ከተማችን ቁልቁለት ላይ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ አቃቂ ሲደረስ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ተወርዷል። ወንዞቹም፣ የመንገድ ዳር ጎርፉም፣ በየአጥሩ ሥር የሚሾልከው ውሃም ወደዚህ ወደ ደቡብ ነው የሚወርደው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ግቢውን ቆሞ ያላየ ሰው ለስቶር ቦታ ባይመርጥ ጥሩ ነው። ውሃው በየትኛው አጥር ሥር እንደሚገባ፣ በየት በኩል እንደሚያቋርጥ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ የት እንደሚተኛ ማየት ያስፈልጋል። ክረምቱ ያለፈበት ሰውም ቢሆን ምልክት አያጣም። አጥሩ ላይ እስከየት ድረስ ቀለም እንደተላጠ፣ የትኛው ግድግዳ ሥር አረንጓዴ ሽበት እንዳወጣ፣ ደለሉ የት እንደተከማቸ፣ በበጋ ሁሉም ሲደርቅ ሣሩ የት ለምልሞ እንደቆየ ይመልከት።

የእኛ ግቢ የተረፈው ጥግ ደቡብ ምሥራቁ ነው፤ ዝቅተኛውም እሱ ነው። ስለዚህ የግቢው ውሃ ሁሉ መሰብሰቢያው እዚያ ነው። በአብዛኛው ግቢም እንዲህ ይመስለኛል። ጥጉ የተረፈው ማንም ስላልፈለገው ነው፤ ማንም ያልፈለገውም ውሃ ስለሚተኛበት ነው። ከዚያ ሄደን ጤፍ እናስቀምጥበታለን።

እዚያው ጥግ አጠገብ ሴፕቲኩም አለ። ሴፕቲክ ላይ መሥራት እንደማይቻል ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው መምጠጫው መኪና መምጣቱን ነው። ቱቦው ከበር ተነስቶ እስከ ክዳኑ መድረስ አለበት፤ ክዳኑም ሁልጊዜ የሚከፈት መሆን አለበት። ክዳኑ አጠገብ ስቶር ካለ ውሎ አድሮ ጆንያው፣ ጣውላው፣ ባሊው ከስቶሩ ወጥቶ ክዳኑ ላይ መደርደሩ አይቀርም።

የገጠር ሰው ይህን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ጎተራ ጓሮ አይደበቅም። ደጅ ላይ፣ ከቤቱ በር በሚታይበት፣ ከፍ ባለ መሬት ይቆማል። ከሥሩ ድንጋይ ወይም እንጨት ተደርጎ ከመሬት ይነሳል፤ ዝናብ በሥሩ ያልፋል፣ ንፋስ ያደርቀዋል፣ አይጥ በቀላሉ አይወጣበትም። ክዳኑ ሰፊ ሆኖ ግድግዳውን ከዝናብ ይጋርዳል። የዓመት ቀለብ ያለበት ስለሆነ ባለቤቱ ጠዋት ሲወጣ በመጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ወደ ከተማ ስንመጣ ግቢ ጠበበን። ጎተራው ስቶር ሆነ፤ ከደጅም ወደ ጓሮ ተገፋ። የጠበበው ግቢ ግን የእህሉን ጠባይ አልለወጠውም።

ሌላው መሬቱ ነው። በአቃቂ፣ በቃሊቲና በቦሌ በኩል ሰፊው አፈር ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ብዙ ሰው «ስቶር ቀላል ቤት ነው፣ መሠረቱ ምን አለው» ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከባድ ቤት በክብደቱ የአፈሩን እብጠት በመጠኑ ይጫነዋል። ቀላሉን ቤት ግን አፈሩ ያነሳዋል። በአንድ ጥግ አንስቶ በሌላው ሲተወው ብሎኬቱ በሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በሩ አልዘጋ ይላል፣ ሊሾው ይነሳል። ስለዚህ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በሰሌክት፣ ማለትም ተመርጦ በሚመጣ በማያብጥ አፈር፣ መሙላት አለ፤ ወይም ደግሞ ብረት ቋሚ አቁሞ በቆርቆሮ ለብሶ እንቅስቃሴውን የሚችል ቤት መሥራት አለ። እኛ አይጥና ሌባን ስለፈራን ብሎኬቱን መረጥን።

ይህ ከቦታ ምርጫ ጋር ምን ያገናኘዋል? በጣም ያገናኘዋል። ቤቱን የሚጎዳው ከእብጠቱ ይልቅ የእብጠቱ አለመመጣጠን ነው። አንዱ ጎን ሮቶ የሚፈስበት፣ ሌላው ጎን ባህር ዛፍ ውሃውን የሚመጠው ከሆነ መሬቱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ስቶሩን አጥር ላይ ካለው ባህር ዛፍ ማራቅ፣ የቧንቧ ጠብታ ካለበትም ማራቅ፣ ዙሪያውን አንድ ዓይነት እርጥበት እንዲኖረው ማድረግ ከተጨማሪ ሲሚንቶ ይበልጣል። ግንበኛው ይህንን ሲነግረን ወንድሜ ወዲያው የሮቶውን ቧንቧ ሊያሠራ ሄደ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ባዶው ቦታ።

ከዋናው ቤት በረንዳ እስከ ትልቁ በር ያለው ሜዳ በፕላን ላይ ባዶ ነው። ስለዚህ ሰው ቦታ ሲጠበው ዓይኑን የሚጥለው እዚያ ላይ ነው። ወንድሜም በበሩ ጎን ስቶሩን እናቁመው ብሎ ነበር። ደረቅ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ኩንታል ከመኪና ለማውረድ ቅርብ ነው። ምክንያቱ ሁሉ ትክክል ነበር። ግን ያ ሜዳ ለእኛ ባዶ አይደለም። አባቴ ሲያርፍ የዕድሩ ድንኳን የተተከለው እዚያ ነው። አግዳሚዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ካህናቱ በአንድ በኩል፣ ለቀስተኛው በአንድ በኩል ተቀምጦ፣ ሴቶቹ በጎን ጉልቻ ጥለው ንፍሮውን ሲቀቅሉ ሁሉም ቦታ አግኝቷል። እህቴ ስትዳር ዳሱ እዚያው ነበር። ክርስትናውም፣ የፋሲካ በጉም፣ የማኅበሩም ቀን እዚያው ነው። እንዲህ ያለው ቀን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ይመጣል። ሲመጣ ግን ግቢው ካልበቃ ድንኳኑ መንገድ ላይ ይተከላል፤ ሐዘንተኛ ቤተሰብ በዚያ ቀን ከመኪና ጋር ይጋፋል።

ስለዚህ ለማንም የምመክረው ይህን ነው። የዕድራችሁን ድንኳን ስፋት ጠይቁ። ዳኛው ወይም ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይነግራችኋል። ያንን ስፋት በሜዳው ላይ ለኩ። ድንኳኑ ቆሞ፣ በዙሪያው ሰው የሚያልፍበት ቀርቶ፣ የቤቱ በርና የግቢው በር ተከፍተው፣ ቃሬዛ ወይም ሶፋ የያዙ ሰዎች ሳይጣመሙ መውጣት ከቻሉ ከዚያ የተረፈው መሬት የስቶር ነው። ካልቻሉ የስቶር አይደለም።

ከመቆፈር በፊት ደግሞ ገመድና ካስማ ይበቃል። 3 በ4ቱን በካስማ ከለልነው፤ መስመሩ ላይ አመድ በተንበት። ከዚያ ተውነው። የልብስ ማስጫው ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ መኪናው ሲዞር አመዱን ይረግጥ እንደሆነ፣ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ የት እንደሚደርሱ አየን። ወረቀት ላይ ያላየነውን አመዱ አሳየን። የመኪናው የኋላ በር ሲከፈት አንዱን መስመር ያልፍ ነበር፤ ካስማውን ግማሽ ሜትር ገፋነው።

ፀሐይን ማየት የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። በበጋ፣ በተለይ ታኅሣሥ ላይ፣ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። በዚያን ጊዜ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ወደ ሰሜን 2 ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና ማታ ከዚያም ይረዝማል። ስቶሩ ከሜዳው በስተደቡብ ቢቆም በርበሬ የሚሰጣበት ቦታ ጥላ ውስጥ ይወድቃል፤ በርበሬ የሚሰጣው ደግሞ በዚያው ወቅት ነው። በስተሰሜን ቢቆም ጥላው ከጀርባው፣ ወደ አጥሩ ይወርዳል፤ ሜዳው ፀሐዩን አያጣም። የስቶሩም ፊት ወደ ደቡብ ስለሚያይ በጋውን ሙሉ ይሞቃል፤ ለእህል ይህ ጥሩ ነው። ሰኔና ሐምሌ ፀሐይዋ ትንሽ ወደ ሰሜን ብታልፍም ደመናው ስለሚጋርዳት ብዙ አያሳስብም።

የጎረቤት ነገር አለ። አጥር ላይ ተለጥፎ የተሠራ ስቶር የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ ማሰብ ነው። 12 ካሬ ጣራ ቀላል ይመስላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 1,200 ሚሊ ሜትር በ12 ካሬ ሲባዛ በዓመት ከ14 ሺህ ሊትር በላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ጎረቤት ግድግዳ ሥር ማፍሰስ ነውር ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። እኛ ሰፈር ግን ነገሩ ሕግ ጋ ሳይደርስ ዕድር ላይ ይወራል፤ ሰላምታው ይቀዘቅዛል፤ ልጆቹም ኳሳቸው ሲገባ ለመጠየቅ ይፈራሉ።

እማዬ ካስማው እንደተተከለ በታችኛው አጥር በኩል ያሉትን ሽማግሌ ጎረቤታችንን ቡና ጠራቻቸው። ያሰብነውን ነገርናቸው። እሳቸው ስለ ስቶሩ ብዙም አላሉም። «የናንተ ግቢ ውሃ ነሐሴ ላይ በዚህ በታችኛው ጥግ በአጥሩ ሥር ነው ወደ እኔ የሚመጣው፤ እዚያ መሠረት ብታወጡ ኖሮ መሄጃ አጥቶ ወደ ቤታችሁ ይመለስ ነበር» አሉን። ከዓመት ዓመት የሚያዩት እሳቸው ናቸውና እኛ የማናውቀውን ያውቃሉ። የውሃችን መውጫ በሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ከመሐንዲስም ከግንበኛም በፊት ጎረቤት መጠየቅ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ሌባም አጥር ላይ የተለጠፈ ስቶር ደስ ይለዋል። 2 ሜትር ተኩል አጥር ለመዝለል ያስቸግራል፤ ከአጥሩ እኩል የሆነ ቆርቆሮ ጣራ ካለ ግን ከውጭ ወጥቶ በጣራው መውረድ ነው። ከአጥር አንድ ሜትር መራቅ ይህን ያከብድበታል። ያ አንድ ሜትር ለሌላም ይጠቅማል። ጀርባውን መጥረግ፣ ቦይ ማውጣት፣ አይጥ ጉድጓድ ስትቆፍር ማየት ይቻላል። ጠባብ ክፍተት ግን ከሁሉም የባሰ ነው። የሰው ትከሻ የማያስገባ ክፍተት ቆሻሻ ይሞላዋል።

ከመንገድ ፖል ወደ ቆጣሪው የሚገባው የመብራት ሽቦ ሥር ቆርቆሮ ጣራ እንዳይሆንም አይተናል። ፈቃዱን ከመቆፈር በፊት ወረዳ ሄዶ ካርታውን ይዞ መጠየቅ ነው፤ የሕንፃ አዋጁ ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ያዛል። «ስቶር ብቻ ነው» የሚለው መልስ ሆኖ አያገለግልም።

በመጨረሻ የእማዬ እግር ነው። እኔና ወንድሜ ስቶሩን በሳምንት አንዴ ብንገባበት ነው። እሷ በየቀኑ ትገባለች። ጠዋት ለሽሮው፣ ከሰዓት ለከሰሉ፣ ሐሙስ ማታ ለሚቦካው ዱቄት። ጉልበቷን ያማታል። ታችኛው ጥግ ቢሆን በሐምሌ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ነበር የምትወርደው፤ ተሸክማም ትወጣ ነበር። እንዲህ ያለ ስቶር ውሎ አድሮ አይገባበትም። የማይገቡበት ቤት ደግሞ የአይጥ ነው። እህሉም ተመልሶ መኝታ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ይገባል። የስቶር ቦታ ከማድ ቤቱ በር እስከ ስቶሩ በር ባለው እርምጃ ይለካል፤ እርምጃውም የሚለካው በሚሸከመው ሰው ነው።

ቦታው የተገኘው እንዲህ እየተጣራ ነው። በስተሰሜን፣ ሰርቪሱ በሚያልቅበት፣ ከአጥሩ አንድ ሜትር ተርቆ። ከላይ የሚመጣው ውሃ በጀርባው ቦይ ተይዞ በጎን ይወርዳል። ጣራው ወደ እኛው ግቢ ያዘነብላል፤ አሸንዳው ውሃውን ለሮቶው ይሰጣል፤ የሮቶው ትርፍ በቱቦ ወደ ቦዩ ይሄዳል እንጂ መሠረቱ ሥር አይፈስም። ወለሉ ከግቢው 30 ሳንቲም ከፍ ይላል። ጆንያ የሚቀመጠው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ነው። ከማድ ቤቱ በር ይታያል፤ ከእማዬ መስኮትም ይታያል። ድንኳኑ ሜዳውን አልተነጠቀም።

ያ ቦታ የእማዬ ጤና አዳምና ዳማከሴ ነበረበት። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጤና አዳሙ አባቴ የተከለው ነው። ዝቅተኛው ጥግ አይሆነውም፤ ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል። ከበረንዳው ደረጃ ጎን፣ ጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት አዛወርነው። ሥሩን ከነአፈሩ አወጣነው፤ እስካሁን ይዟል። ታችኛው ጥግ ሸንኮራ ይተከልበታል። ሸንኮራ ውሃ ይወዳል፤ የሴፕቲኩንም ክዳን አይዘጋም።

ግንበኛው የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው፤ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ተሰንጥቆም ሳያልቅ። ብሎኬቱና አሸዋው ያኔ ይመጣል። ገና ያላለቀው የበሩ ስፋት ብቻ ነበር። ወንድሜ 80 ሳንቲም ይበቃል ይላል፤ እማዬ 1 ሜትር ከ20 ትላለች፤ ጋን ለሁለት ተይዞ በ80 ሳንቲም በር አያልፍም። የእሷ ተመርጧል።